ከቁሌቱ እስከ ደም ሥር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

በዛሬው የጤናና የምግብ ዝግጅታችን ከአንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት እንነሳለን። በዚህ ሰዓት ለወጥ ሽንኩርት እየላጣችሁ የምታዳምጡን ካላችሁ ቢላዋውን ለአፍታ ያዝ አድርጉና ልብ ብላችሁ እዩት። ደረቁና ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ልጣጭ ከተነሳ በኋላ ወፈር ያለ፣ ከላይ በኩል ደረቅ፣ ከሥር በኩል እርጥብ የሆነ፣ ቀለሙም ጠቆር ያለ ሽፋን ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን ከችኮላ የተነሳ እሱንም አብረን ገፈን እንጥለዋለን። ነገር ግን ኩዌርሴቲን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በእነዚህ የውጭ ሽፋኖች ላይ ነው። ወደ መሐል ወደ እምብርቱ በሄድን ቁጥር እያነሰ ይመጣል።

ኩዌርሴቲን ፍላቮኖይድ ከሚባለው ሰፊ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ቤተሰብ አንዱ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ በየቦታው ብዙ ሲነገር እንሰማለን። ለልብ ይበጃል፣ የደም ሥርን ያጠነክራል፣ እርጅናን ያዘገያል ይባላል። እኔ ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ከዚህ ሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ነው። የበላነው ፍላቮኖይድ በእርግጥ ወደ ሰውነታችን ይገባል ወይ? ከገባስ በየት በኩል ነው? ምን ሆኖስ ይገባል? የዋጥነው ምግብ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም እስኪገባ ድረስ ገና ሰውነታችን ውስጥ ገባ አይባልም። የጥያቄው መልስ ለብዙ ዓመታት «አይገባም» የሚል ነበር። መልሱ እንዴት እንደተለወጠ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤተሰቡ ጥቂት ልበል። ፍላቮኖይዶች በሙሉ የጋራ አጽም አላቸው፤ 15 የካርቦን አቶሞች በሦስት ቀለበቶች ተዋቅረው የተሠራ ነው። ተክል ይህን የሚሠራው ለራሱ ጉዳይ ነው፤ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ለመከለል፣ ተባይ ለማራቅ፣ አበባውን አቅልሞ ንብ ለመጥራት። በሽንኩርት፣ በፖም፣ በሻይ ቅጠልና በሽፈራው ቅጠል ውስጥ ኩዌርሴቲን አለ። ጎመን ኬምፕፌሮል፣ ብርቱካን ሄስፔሪዲን፣ አኩሪ አተር ዳይድዜይንና ጄኒስቴይን አላቸው። የጥቁር ወይንና የእንጆሪ ቀለም ደግሞ አንቶስያኒን ይባላል። ጤፋችንም የራሱ ፍላቮኖይዶች አሉት፤ ወደ እነሱ በኋላ እመለሳለሁ።

እነዚህን ንጥረ ነገሮች ከጤና ጋር አያይዘው በስፋት ካስተዋወቁት መካከል ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1936 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሎሚና ከቀይ በርበሬ ያወጡት ቅመም የጥቃቅን ደም ሥሮችን ልልነት እንደሚቀንስ ጽፈው ነበር፤ ስሙንም ቫይታሚን ፒ አሉት። በዓመቱ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ግን ቫይታሚን ሲን በሚመለከተው ሥራቸው ነው። ቫይታሚን ፒ የሚለው ስያሜ አልዘለቀም። ቫይታሚን ለመባል እጦቱ የታወቀ በሽታ ማምጣት አለበት፤ ፍላቮኖይድ በማጣት የሚመጣ እንዲህ ያለ በሽታ አልተገኘም።

ነገሩ እንደገና የሞቀው እ.ኤ.አ. በ1993 በኔዘርላንድስ ነው። ዙትፈን በምትባል ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆነ 805 ወንዶችን አመጋገብ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ታተመ። ሚካኤል ኸርቶኽና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ውጤት ብዙ ፍላቮኖይድ የሚመገቡት ሽማግሌዎች በልብ ሕመም የሚሞቱት ጥቂት ከሚመገቡት ያነሰ መሆኑን የሚያሳይ ነበር። የፍላቮኖይዱ ምንጭም ውድ ነገር አልነበረም፤ 61 በመቶው ከሻይ፣ 13 በመቶው ከሽንኩርት፣ 10 በመቶው ከፖም የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ችግር ተፈጠረ። በተክል ውስጥ ያለው ፍላቮኖይድ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይገኝም፤ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ስኳር የተጣበቀበት ሞለኪውል ውኃ ወዳድ ስለሚሆን የአንጀትን ሕዋስ ቅባታማ ሽፋን ሰንጥቆ ማለፍ ይከብደዋል። ስለዚህ በጊዜው የነበረው እምነት ግልጽ ነበር፦ ስኳሩ ካልተነሳለት በስተቀር አይመጠጥም፤ ስኳሩን የሚያነሱለት ደግሞ የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አብዛኛውን ሰባብረው ያጠፉታል። ያ እውነት ከሆነ ታዲያ የሽማግሌዎቹን ልብ የጠበቀው ምንድን ነው?

ፒተር ሆልማን የተባሉ የዚያው አገር ተመራማሪ ጥያቄውን በቀጥታ ገጠሙት። አስቸጋሪው ነገር መለካቱ ነበር። አንድን ሰው ሽንኩርት አብልቶ ምን ያህል ኩዌርሴቲን በሰገራው እንደወጣ መመርመር አይበቃም፤ የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ኩዌርሴቲንን ሰባብረው ያጠፉታል። ከሰገራው ጠፋ ማለት ተመጠጠ ማለት አይደለም። እናም ሆልማን ትልቁ አንጀታቸው በሕመም ምክንያት በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰዎች ጠየቁ። የእነዚህ ሰዎች የትንሹ አንጀት ጫፍ በሆዳቸው በኩል ወደ ውጭ ተከፍቶ ከረጢት ይገጠምለታል። ከትንሹ አንጀት ያለፈው ሁሉ ባክቴሪያ ሳያበላሸው እዚያ ከረጢት ውስጥ ይገኛል።

ዘጠኝ ፈቃደኞች ተገኙ። ለ12 ቀናት ኩዌርሴቲን የሌለበት ምግብ ሲመገቡ ቆዩ። በመካከሉ፣ በአራተኛው፣ በስምንተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በየተራ ሦስት ነገር ተሰጣቸው። አንዱ የተጠበሰ ሽንኩርት ነው፤ 89 ሚሊግራም ኩዌርሴቲን አለው። ሁለተኛው ስኳር ያልተጣበቀበት ንጹሕ ኩዌርሴቲን፣ 100 ሚሊግራም። ሦስተኛው ሩቲን የሚባለው፣ ሁለት ስኳሮች የተጣበቁበት ኩዌርሴቲን፣ እሱም በ100 ሚሊግራም ልክ። ከዚያም ለ13 ሰዓታት በከረጢቱ የተጠራቀመውንና ሽንታቸውን ሰበሰቡ። እነዚህን ዘጠኝ ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር አክብሮት ይሰማኛል። በሕመማቸው ምክንያት የመጣባቸውን፣ ብዙ ሰው ሊያወራበት የማይደፍረውን ነገር፣ ለሌላው ሰው እውቀት አውለውታል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ታተመ። ስኳር ከሌለበት ንጹሕ ኩዌርሴቲን የተመጠጠው 24 በመቶ ነው። ከሩቲን 17 በመቶ። ከሽንኩርቱ ግን 52 በመቶ! ስኳር የተጣበቀበት የሽንኩርት ኩዌርሴቲን አይመጠጥም ሲባል የኖረው፣ ከንጹሑ ከእጥፍ በላይ ተመጠጠ። ያውም በትንሹ አንጀት፣ ያለ ባክቴሪያ እርዳታ።

(አጭር ሙዚቃ)

ምስጢሩ ያለው ስኳሩ ላይ ነው። በሽንኩርት ውስጥ ከኩዌርሴቲን ጋር የተጣበቀው ስኳር ግሉኮስ ነው። በሩቲን ላይ ያለው ግን ግሉኮስና ራምኖስ የተባሉ ሁለት ስኳሮች ተቀጣጥለው ነው፤ ራምኖሱ ከጫፍ በኩል ነው ያለው። የሰው ልጅ ትንሽ አንጀት ግሉኮስን ከፍላቮኖይድ ላይ ቆርጦ የሚያነሳ ኢንዛይም ሲኖረው ራምኖስን የሚያነሳ የለውም።

ይህ ኢንዛይም ማን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ አገር የሚሠሩት አንድሪያ ዴይና ባልደረቦቻቸው ከበግ ትንሽ አንጀት አውጥተው አሳዩ። አዲስ ነገር ሆኖ አልተገኘም። ሕፃን ልጅ ጡት ሲጠባ በወተቱ ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር ለሁለት የሚከፍለው ያው ላክቴዝ ነው። ኢንዛይሙ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ፣ በዓይን በማይታዩት ጥቃቅን ጣት መሰል እጥፋቶች ገጽ ላይ ተተክሎ ይኖራል። በእነዚህ እጥፋቶች ምክንያት የአንጀታችን የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ወደ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። የሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን እዚያ ሲደርስ ላክቴዙ ግሉኮሱን ይቆርጥለታል። ስኳሩን የተገፈፈው ኩዌርሴቲን ያኔውኑ ሕዋሱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ቅባት ወዳድ ስለሆነም ሽፋኑን አልፎ ይገባል። ቀድሞውኑ ስኳር አልባ ሆኖ የተዋጠው ንጹሕ ኩዌርሴቲን ያነሰ የተመጠጠበት ምክንያትም ይገባናል። ውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ ስለዚህ ብዙው እስከ ግድግዳው ሳይደርስ ያልፋል። ስኳሩ ውኃ ውስጥ አሟሙቶ እስከ ደጃፉ ያደርሰዋል፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ይለቀዋል።

«እኔ ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል፤ ላክቴዜ አንሷል ማለት ነው፤ ታዲያ ፍላቮኖይዱም አይገባኝም?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ላክቴዝ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። በአገራችን አርብቶ አደር ማኅበረሰቦች ዘንድ ግን አዋቂ ሆነውም ኢንዛይሙን እንደ ልብ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ የቀነሰበት ሰውም ጨርሶ አያጣውም። በአንጀት ሕዋሶች ውስጥም ግሉኮስን ከፍላቮኖይድ ላይ የሚያነሳ ሌላ ኢንዛይም አለ። ከዚያም ያለፈውን ትልቁ አንጀት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወተት ያልተስማማው ሰው ከሽንኩርቱ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የዚህ ኢንዛይም ሙሉ ስም ላክቴዝ ፍሎሪዚን ሃይድሮሌዝ ነው። ፍሎሪዚን ደግሞ ራሱ ከፍላቮኖይድ ወገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1835 አውሮፓ ውስጥ ከፖም ዛፍ ቅርፊት የወጣ መራራ ነገር። በኋላ ፍሎሪዚን የተሰጠው ሰው ስኳር በሽንቱ እንደሚወጣ ተስተዋለ፤ ኩላሊት ግሉኮስን መልሳ እንዳትመጥ ያግዳታል። ራሱ ፍሎሪዚን አንጀት ላይ ስለሚቆረጥ ለመድኃኒትነት አልሆነም። ነገር ግን እሱን መነሻ አድርገው ኬሚስቶች የሠሯቸው እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች ዛሬ ለስኳር ሕመምተኞች ይታዘዛሉ። የአንጀትን አሠራር ማወቅ እስከዚህ ድረስ ይወስዳል።

አሁን ኩዌርሴቲን ሕዋሱ ውስጥ ገባ ብለናል። ታዲያ ገባ ማለት በሰላም ደም ውስጥ ደረሰ ማለት አይደለም። የአንጀት ሕዋስ ያላወቀውን ነገር ዝም ብሎ አያሳልፍም። ወዲያው ግሉኩሮኒክ አሲድ፣ ሰልፌት ወይም ሚታይል የሚባሉ ተቀጥላዎችን ይለጥፍበታል። ጉበታችን ፓራሲታሞልን ከሰውነታችን የሚያስወጣውም በዚሁ ዘዴ ነው። የተለጠፈበትን ከፊሉን ሕዋሱ በገባበት በኩል መልሶ ወደ አንጀት ይተፋዋል፤ ለዚህ ሥራ የቆሙ አስወጪ ፕሮቲኖች አሉት። የቀረው በጉበት በር ደም ሥር ገብቶ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም በተራው ሌላ ይለጥፍበታል። ከፊሉን በሐሞት አድርጎ ወደ አንጀት ይመልሰዋል፤ ያም እንደገና የመመጠጥ ዕድል ያገኛል። በሆልማን ጥናት ከተመጠጠው ኩዌርሴቲን ውስጥ በሽንት የተገኘው ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ሌላው ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰው ደም ውስጥ ንጹሕ ኩዌርሴቲን አይገኝም ማለት ይቻላል፤ የሚገኘው የተለጠፈበት ነው፤ መጠኑም በጣም ጥቂት ነው። ብዙ የምንሰማቸው «ፍላቮኖይድ የካንሰር ሕዋስ ገደለ» የሚሉ ዜናዎች ግን ንጹሑን፣ ያውም በከፍተኛ መጠን፣ በብርጭቆ ሳህን ላይ ባለ ሕዋስ ላይ በማፍሰስ የተገኙ ናቸው። እንዲህ ያለ ውጤት ለሰው አካል በቀጥታ አይሠራም። ምግቦችን በፀረ ኦክሲዳንት ኃይላቸው እየደረደረ ያስቀምጥ የነበረውን የቁጥር ሰንጠረዥ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ ያነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመሞከሪያ ቱቦ የተለካው ኃይል በሰው አካል ውስጥ የሚሆነውን አያሳይም። ሻጮች ግን ያንን ቁጥር ዛሬም በማሸጊያቸው ላይ ሲያትሙት እናያለን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ትንሹ አንጀት ያልቻለውን እንከተል። ሩቲንን አንስተናል። ሩቲን ስሙን ያገኘው ከጤና አዳም የሳይንስ ስም ነው፤ ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ቅጠል ሩቲን አላት። (ነፍሰ ጡር እናቶች ግን ጤና አዳምን ለመድኃኒት ብለው በብዛት እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ፤ ማህፀንን ልታነሳሳ ትችላለች።) አብዛኛው ሩቲን በትንሹ አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ድረስ ከነስኳሩ ይሄዳል። ልዩነቱ በሰዓት ይታያል። ሆልማን እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት ሽንኩርት የበላ ሰው ደም ውስጥ ኩዌርሴቲኑ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። በፖም ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሩቲን ግን ዘጠኝ ሰዓት! ጠዋት የተዋጠው አመሻሽ ላይ ነው የሚደርሰው።

የብርቱካኑ ሄስፔሪዲንም እንዲሁ ነው፤ እሱም ጫፉ ላይ ራምኖስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ሙከራ ይህንን በሚያረካ መንገድ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የብርቱካን ጭማቂ ወስደው ራምኖሱን ብቻ በኢንዛይም አነሱለት፤ ግሉኮሱን ተዉት። ሌላው ነገር ሁሉ እንዳለ ነው። ያልተነካውን ጭማቂ የጠጡት ሰዎች ደም ውስጥ ፍላቮኖይዱ ጣሪያ የደረሰው በሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ራምኖሱ የተነሳለትን ሲጠጡ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ ያውም በብዙ እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። አንዲት ስኳር በመነሳቷ የመመጠጫው ቦታ ከትልቁ አንጀት ወደ ትንሹ አንጀት ተዛወረ።

ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ወደ 38 ትሪሊዮን ይገመታሉ። ሥራቸውን ለማስረዳት ከእኛ ማድ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። እርሾ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ሊጡን እንደነበረ አይተወውም፤ ሰባብሮ፣ አኩፎ፣ ሌላ ጣዕምና ሌላ ጠረን ያለው ነገር አድርጎ ይሰጠናል። የአንጀት ባክቴሪያዎችም በፍላቮኖይድ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ራምኖሱን ያነሳሉ፤ ከዚያ ግሉኮሱን። ከዚያም አልፈው የራሱን የፍላቮኖይዱን የመካከል ቀለበት ሰብረው 15 ካርቦኑን ወደ ትናንሽ ፊኖሊክ አሲዶች ይከፋፍሉታል። እነዚህ ትናንሾች በቀላሉ ይመጠጣሉ።

ለረዥም ጊዜ ተመራማሪዎች ይህንን እንደ ብክነት ያዩት ነበር፤ «ፍላቮኖይዱ ጠፋ» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ይህን አስተሳሰብ በጣም አናግቶታል። ስምንት ወንዶች የአንቶስያኒን ወገን የሆነ ፍላቮኖይድ 500 ሚሊግራም ዋጡ፤ ከካርቦኖቹ የተወሰኑት ግን ካርቦን 13 በሚባለው ከበድ ያለ ካርቦን ምልክት ተደርጎባቸዋል። ስለዚህ ሞለኪውሉ ቢሰባበርም ስብርባሪው የት እንደደረሰ መከታተል ይቻላል። በቀደሙት ልኬቶች አንቶስያኒን አንድ በመቶ እንኳ አይመጠጥም ይባል ነበር። ምልክቱን ተከትለው ሲለኩ ከተዋጠው 12 በመቶ ገደማ በሽንትና በትንፋሽ ተገኘ። አዎ፣ በትንፋሽም ጭምር! ተሰባብሮ ተሰባብሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ወጥቷል። በደም ውስጥ የተገኙት ስብርባሪዎችም ከዋናው ሞለኪውል እጅግ ይበዙ ነበር። ጠፋ የተባለው ሳይጠፋ መልኩን ለውጦ ገብቷል።

ባክቴሪያዎቻችን ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አኩሪ አተር ስንበላ ዳይድዜይን የተባለውን ፍላቮኖይድ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኢኩዎል ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ኢኩዎል መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት ነው፤ ከኤስትሮጅን ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አለው። ይህን መሥራት የሚችሉት ባክቴሪያዎች በምዕራቡ ዓለም ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች በአንዱ፣ በጃፓንና በቻይና ደግሞ በግማሽ ያህሉ ሰው ውስጥ ይገኛሉ። ሁለት ሰዎች ከአንድ ማዕድ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ምግብ ጎርሰው፣ በሁለቱ ደም ውስጥ የሚገኘው ነገር የተለያየ ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መውሰድም ይህን ሥራ ለጊዜው ያቋርጠዋል። አንድ ምግብ ለአንዱ ጠቅሞ ለሌላው ምንም ሳይሆንበት ሲቀር፣ ከምግቡ ጥራት ይልቅ የአንጀቱ ነዋሪዎች ልዩነት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ወደ ድስታችን እንመለስ። ቁሌት የምታቁላሉ እናቶችና ወንድሞች ደስ የሚላችሁ ነገር አለ፤ ኩዌርሴቲን እሳትን ደህና አድርጎ ይቋቋማል። ሆልማን ለፈቃደኞቻቸው ያበሉት የተጠበሰ ሽንኩርት እንደነበር አትርሱ። ሽንኩርት በውኃ ሲቀቀል ከኩዌርሴቲኑ የተወሰነው ወደ ውኃው ይወጣል፤ ውኃው ከተደፋ አብሮ ይደፋል። በወጥ ግን ውኃው የሚሄድበት የለም፤ እዚያው መረቅ ሆኖ ይበላል። ዘይት ወይም ቅቤ መግባቱም ይረዳል፤ ቅባት ያለበት ምግብ ኩዌርሴቲን ይበልጥ እንዲመጠጥ እንደሚያደርግ በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ ታይቷል። ቀይ ሽንኩርትና የአበሻ ሽንኩርት ብዙ አላቸው፤ ነጩ ሽንኩርት፣ ቅርፊቱም ሥጋውም ነጭ የሆነው ዓይነት፣ ከቁጥር የሚገባ የለውም። በልጣጩ ላይ ያለውን ግን ልብ እንበል፤ ደረቁን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ማትረፍ ምንም አያስወጣም።

አንድ ጊዜ የተበላ ሽንኩርት ከደማችን ቶሎ አይወጣም። የኩዌርሴቲኑ መጠን በግማሽ እስኪቀንስ አንድ ቀን ያህል፣ በሆልማን ልኬት 28 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በየቀኑ ወጥ በሚበላበት ቤት የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይጨመርበታል። አንድ ቀን ብዙ ከመውሰድ ይልቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ጤፉን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የጤፍ ፍላቮኖይዶች በብዛት ስኳራቸው በሌላ መንገድ፣ ከካርቦን ወደ ካርቦን፣ ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ይህን ዓይነቱን ትስስር ላክቴዝ ሊቆርጠው አይችልም፤ የሚፈቱት የተወሰኑ የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከቃጫው ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ሌሎች ፊኖሊክ ንጥረ ነገሮችም አሉት፤ ሊጡ ሲቦካ ከእነዚህ የተወሰኑት ይለቀቃሉ። ስለዚህ እንጀራና ወጥ አብረው ሲበሉ ሁለቱ ፍላቮኖይዳቸውን በተለያየ ሰዓት ነው የሚያደርሱት፤ የሽንኩርቱ በትንሹ አንጀት ቶሎ፣ የጤፉ በትልቁ አንጀት ዘግይቶ።

ከውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን አስበውልን ስለሚልኩልን የኩዌርሴቲን እንክብልም አንድ ነገር ልበል። ፍላቮኖይድን የሚያስተናግዱት ኢንዛይሞችና አስወጪ ፕሮቲኖች መድኃኒቶችንም የሚያስተናግዱ ናቸው። በወጥ ውስጥ ባለው መጠን ይህ አያሳስብም። በተጠናከረ እንክብል ግን፣ በተለይ የደም ማቅጠኛ፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ሳያማክር ባይጀምር እመክራለሁ። ከሽንኩርት ይልቅ ንጹሑ ኩዌርሴቲን ያነሰ እንደተመጠጠም ሰምታችኋል።

በመጨረሻ ስለ ሻይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውን ልመልስ። «ወተት ሻይ ላይ ሲጨመር ፍላቮኖይዱን ይይዘዋል ወይ?» ለሚለው፣ በሰው ላይ የተደረገ ልኬት ወተት መጨመር የሻይን ኩዌርሴቲንና ኬምፕፌሮል መመጠጥ እንዳልቀነሰው አሳይቷል። ጉዳዩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፍላቮኖይዶችን የሚያቅፉት የሻይ ፖሊፊኖሎች ደም ከመግባታቸው በፊት፣ ገና አንጀት ውስጥ እያሉ፣ በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን ብረት ጥርቅ አድርገው ይይዙታል፤ ብረቱም ሳይመጠጥ ያልፋል። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ከዚያ ምግብ የሚገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡናም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ለጤነኛ ጎልማሳ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ ወጣት ሴቶች፣ ደም ማነስ ያለባቸውና የብረት እንክብል የታዘዘላቸው ሰዎች ግን ሻዩንም ቡናውንም ከምግቡና ከእንክብሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው ቢጠጡ ይሻላል። እንክብሉን በሻይ ከመዋጥ በውኃ፣ ከተገኘም በብርቱካን ጭማቂ መዋጥ ይመረጣል፤ የጭማቂው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛል።

ለዛሬ በዚህ ላብቃ።

(የመውጫ ሙዚቃ)